ለደመራ የተሰጠው ምሰሶ

ባለቤቴ ገብረጻድቅ መጋዝ ሳቢ ነው። ከጎረቤላ በላይ ባለችው ቀበሌያችን እሱ ያልሰነጠቀው ሳንቃ ያለበት ቤት ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። ቁጡ ነው፣ ዝምተኛም ነው። የኔ አፍ ደግሞ አያርፍም፤ እንዲሁ ተቻችለን እንኖራለን። ከጓሯችን ጀርባ ፓቱላ የሚባለውን የፈረንጅ ጥድ በገዛ እጁ ተክሎ አሳድጓል። የእርጅና ጡረታችን እሱ ነው፤ ሌላ የለንም።

ካቻምና የቤተክርስቲያናችን የፈረንጅ ጥድ ከላይ ጀምሮ መድረቅ ያዘ። በኛ ዘንድ የታቦት እንጨት ወደ ቤት አይገባም፤ ደረቀም ወደቀም እዚያው ነው። የወደቀውን ሁሉ ሰብስበን ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከኛው ጥድ ጎን፣ በክብር ደረደርነው። ደርድሩ ባዩም የኔው ባል ነበር!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሔራን የምትባል የደን ባለሙያ ከደብረ ብርሃን መጣች። አንዱን ግንድ አስፈለጠችው። ወይ ጉድ! ውስጡ ነጫጭ ትል ሞልቶበታል።

“ጋሼ፣ ይቺ ከውጭ አገር የመጣች ተርብ ናት” አለችው። “በጅራቷ መርፌ ዛፉን በስታ እንቁላሏንና ሻጋታዋን ትከትበታለች። ሻጋታው ዛፉን ያደርቃል፣ ትሉ ደግሞ ግንዱን እየበላ ይከርማል። ጥቂት ሲሆኑ የታመመ ዛፍ ነው የሚፈልጉት። ሲበዙ ግን ጤነኛውንም አይምሩም። መስከረም ፀሐይ ሲወጣ ክንፍ አብቅለው ይበራሉ።”

“ወዴት?”

“ቅርብ ወዳለው ጥድ ነዋ።”

የኔ ሰው ፊቱ አመድ መሰለ። እየሮጠ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄደና “የደረቀው ሁሉ ተቆርጦ ይቃጠል!” አላቸው።

“የታቦቱን እንጨት? ማን ሊሞቀው?” ብለው ተቆጡ። ሽማግሌዎቹም ከሳቸው ጋር ሆኑ።

ገብረጻድቅ እራቱን ሳይቀምስ ተኛ። እኔም “ደርድሩ ያልከው አንተው አይደለህ?” አልኩት። ምን ላድርግ፣ አፌ ነዋ!

ጠዋት ጥዳችን ውስጥ ገባና ጠራኝ። ለአዲሱ ቤታችን ምሰሶ ብሎ የሚሳሳለት ትልቁ ዛፍ፣ ግንዱ ላይ ሙጫ ጠብ ጠብ ብሎበታል። ተርቧ ቀድማ በስታዋለች። እሱም መጋዙን አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሰጠኝ።

“ያዢ!”

“አንተ ሰው፣ አበድክ?”

“ያዢ አልኩሽ!”

ያዝኩ። እኔ ስስብ እሱ ሲስብ፣ ዛፉ ተገነደሰ። ጎረቤት ጠርተን አሸክመን ቤተክርስቲያኑ ደጅ አወረድነው።

“መሪጌታ፣ ይኸው ምሰሶዬን ለደመራ ሰጥቻለሁ” አለ። “የታቦቱም እንጨት ማንም ቤት አይግባ። እዚሁ ለመስቀሉ ይንደድ!”

መሪጌታ ግንዱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። “አይ ገብረጻድቅ! ይህን እንዴት ሳናስበው ቀረን?” አሉና ጋቢያቸውን አወለቁ። “መጋዝ ያለው ሁሉ ይምጣ!”

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ደብሩ ሁሉ ወጣ! ቆራጩ ይቆርጣል፣ ተሸካሚው ይሮጣል፣ ሴቱ ጠላ ያቀርባል። የደመራው ዕለት ከሰዓት ግንዱን ስናቆም አንዲት ጥቁር ተርብ ቀዳዳዋን በስታ ብቅ አለች፤ ጅራቷ የጆንያ ወስፌ ነው የሚያክለው።

“ያዟት! እንዳታመልጥ!” ብላ ሔራን ጮኸች። መሪጌታ በጭራቸው መታ አድርገው ጣሏት። እንዴት እንደሳቅን!

ማታ ደመራው ተለኮሰ። እንደዚያ ያለ እሳት አይቼ አላውቅም። ምሰሶአችን ሲንቦገቦግ ባለቤቴ ዓይኑን ጠረገና ጭሱ ነው አለኝ። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ እንኳ በጭስ አላሳበብኩም።

ዘንድሮ ሔራን ጥዳችን ውስጥ ወጥመድ ሰቅላ ነበር። የተርቦቹ መብረሪያ ወቅት ሲያልፍ መጥታ አወረደችው። ገብረጻድቅ አጠገቧ ቆመ። ክዳኑን ከፍታ አየች፣ ደግማ አየች።

“ባዶ ነው ጋሼ! ጭራሽ ጠፍተዋል አልልም፣ ክትትሉም ይቀጥላል። እዚህ ግን አልተዋለዱም።”

ያ ዝምተኛ ሰውዬ ሔራንን ብድግ አድርጎ አዞራት! እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ጎረቤቱ እየተሯሯጠ መጣ።

“ሰርካለም! ማን ወለደ? ወንድ ነው ሴት?”

“ማንም አልወለደም!” አልኳቸው። “እልል በሉ እንጂ! ማንም አልወለደም!”