በጋሼ ወልዴ ቤትና በሐዋሳ መካከል

ቅቤ ከኮሰረት ጋር ሲነጠር በሸተተኝ ቁጥር ወልቂጤ ያለው ቤታችንና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ይመጡብኛል።

በዚያ ክረምት ባጃጆቹ በጭቃው ውስጥ እየዋኙ ሲያልፉ፣ እኔና ጓደኞቼ በረንዳ ላይ ተኮልኩለን ዓይተናቸው የማናውቃቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ስናማርጥ እንውል ነበር። የአዲስ አበባው ስም አለው፣ የጅማው ሐኪም ያወጣል፣ ሐዋሳ ግን ሐይቅ አለ፤ ከግቢ ወጥተሽ ዓሣ ትበያለሽ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ ታጠኛለሽ ይባል ነበር። ስለ ትምህርቱ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የእኔ ልብ ሐዋሳ ላይ ወደቀ፤ እውነቱን ለመናገር ከሐይቁ ይልቅ የማረከኝ እዚያ አንድም ዘመድ የሌለን መሆኑ ነበር።

እናቴ ግን ዩኒቨርሲቲ የምታጣራው ልጅ እንደምትድር ሰው ነበር። ለእረፍት ከየግቢው የሚመለሱትን ተማሪዎች መናኸሪያ ሄዳ ትጠብቅና፣ ሻንጣቸውን ሳያወርዱ «ስትታመሙ ማን ያያችኋል? የጾም ምግብስ አለ?» እያለች ታፋጥጣቸው ነበር። ተጣርቶ ተጣርቶ አዲስ አበባ አሸነፈ፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ወልዴም እዚያ ነጋዴ ነበሩ፣ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቤታቸው ውስጥ ክፍል አዘጋጅተውልኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የአጎት ቤት እያለ ሌላ ከተማ መምረጥ አጎትን መናቅ ነው። እኔ ግን የምርጫው ቅጽ ሲመጣ ሐዋሳን አንደኛ አድርጌ ሞላሁና ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ለመስቀል ጋሼ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ። በሬው ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ክትፎው በየጣባው ቀርቦ ሳለ ወደ እኔ ዞረው «አንደኛ ማንን መረጥሽ?» አሉኝ።

«ሐዋሳን» አልኩ።

ጋሼ ጣባቸውን አስቀመጡና «ማነው ቤቴን የናቀው?» አሉ። ቅጹን ለማስለወጥ ገና ጊዜ ነበር፤ አንዴ «ይለወጥ» ካሉ ደግሞ የእሳቸውን ቃል የሚመልስ ሰው እቤታችን አልነበረም። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ የመረጥኩላት፣ ጋሼ። እርስዎ ቤት ብትገባ አቀማጥለው ያበላሹብኛል።»

ዘመዱ ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ለመቆጣትም ለመሳቅም ሲያመነቱ ቆይተው «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ጣባቸውን አነሱ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ እናቴ ውሸት አጥብቃ የምትጠላ ሴት ናት።

ዛሬ የእህቴ ልጅ የየግቢውን ዛፍ፣ መኝታ ክፍልና ካፌ በስልኳ እያየች ታማርጣለች፤ ለእሷ ሲል መናኸሪያ የሚቆም ሰው አያስፈልጋትም። ይሄ ጥሩ ነው፣ ቢሆንም ትንሽ ታሳዝነኛለች። ሐዋሳ ደስ ብሎኝ ተምሬ ተመረቅኩ። እናቴ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «እኔ ነኝ የመረጥኩላት» እንዳለች ነው፤ ጋሼ ካረፉ በኋላ እንኳ አልተወችም። አንድም ቀን አላረምኳትም። አሁን አሁን ሳስበው፣ እውነትም የመረጠችልኝ እሷ ናት።