በሰው አገር መርዶ አይነገርም

እናቴ የተቀበረች ዕለት እኔ ናይሮቢ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ዕድር አወራ ነበር። ሰው አጨበጨበልኝ፣ እኔም ጥርሴን ገልጬ ሳቅኩ። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ። አላጠፋሁትም፣ ግን ከፍቼም አላየው።

ከሥሩ ልጀምር። ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ቤት ይባል እንጂ አንድ በር ናት። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ፣ መብራት ካለ ደግሞ ዌብሳይት እሠራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ቴፒ ካምፓስ ነው፤ ያኔም የዶርም ልጆች «ተመርቀሽ ለማን ልትሠሪ ነው፣ ለቡናው?» እያሉ ሙድ ይይዙብኝ ነበር። አልተሳሳቱም። እዚህ አገር ዌብሳይት ሥሪልኝ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ማንም ካልጠየቀኝ ሳልጠየቅ እሠራለሁ አልኩና ለሰፈራችን ዕድር ሠራሁ።

የዕድራችን ዳኛ ከጅማ በኩል የመጡ ባለሱቅ ናቸው፣ ሀጂ ነው የምንላቸው። ዕድሩ ግን የሁሉም ነው፤ እኛ ጴንጤዎቹም አለንበት። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ይነፋ ነበር። የእኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ጡሩምባ መድፍም አይሰማም። ያልሰማ ከቀብር ይቀራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኔ አንድ ገጽ ሠራሁ። ሀጂ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ከስልካቸው ያስገባሉ፣ ለአባሉ ሁሉ በቴሌግራም ይደርሳል። ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ትልቁ ድስት ማን ቤት እንደቀረ፣ የትኛው አግዳሚ ወንበር እንደተሰበረ እዚያው ይታያል። ወንበሮቹ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ቁጥር የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጡሩምባ ነፊው ሥራ አስፈታሽኝ ብሎ ሰላምታ ነሳኝ፤ ምን ይደረግ።

ይህን የዕድር ነገር ዌብሳይት የሚሠሩ ሰዎች በሚሰባሰቡበት አንድ የኢንተርኔት ማኅበር ላይ ጻፍኩት። ለቀልድ ያህል ነበር። እነሱ ግን ቁም ነገር አድርገው ያዙት፤ በየዓመቱ ናይሮቢ በምናደርገው ጉባኤ ላይ መጥተሽ አስረጂን፣ የአውሮፕላኑን እኛ እንችላለን አሉኝ። ጓደኞቼ ዱባይና ካናዳ ሲያልሙ እኔ የማልመው ናይሮቢን ነበር። የዚያን ጉባኤ ቪዲዮ በየዓመቱ በሚቆራረጥ ኔትወርክ አይ ነበር። የማረከኝ ፎቁ አይደለም፣ አዳራሹ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ሳላስረዳው ያውቃል። ሚዛን ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

እናቴ በዚያን ጊዜ ታማ ነበር። ስኳር ነው። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ፣ ኮረሪማ መሸጧንም ትታ ቤት ከዋለች ሰነባብታለች። አልሄድም አልኳት። እናቴ ከእኛ ጋር የምታወራው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛ የምታወጣው ምርር ሲላት ብቻ ነው። ያን ቀን በአማርኛ ተናገረችኝ። «የታመመው እግሬ ነው፣ አፌ አይደለም። በስልክ አወራሻለሁ፣ ሂጂ።»

ከመሄዴ በፊት ታላቅ ወንድሜን ጓሮ ወስጄ አፋጠጥኩት። እኛ ዘንድ ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ብቻዋን ወድቃ ማን ያነሳታል ይባልና ይደበቃል። አገር ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ የሟች ልጅ ከመንገድ ስትመለስ፣ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠላው ነገር ነው። ሰው የገዛ ሐዘኑን ከጎረቤቶቹ ሁሉ በኋላ ለምን ይሰማል?

«እኔ ላይ እንዲህ አይደረግም» አልኩት። «የሆነ ነገር ከሆነ በዚያችው ሰዓት ትደውልልኛለህ። ብወድቅም እዚያው ልውደቅ።»

«እሺ» አለኝ።

ጴንጤ ነን፣ አንምልም። እሺ ካለ እሺ ነው። ለማንኛውም ብዬ ናይሮቢ የሚቀበለኝን ሰው ስልክ ቁጥርም ሰጠሁት።

የተቀበለኝ የቴፒ ልጅ ነው። ናይሮቢ ተቀጥሮ እየሠራ ዓመታት ቆይቷል፣ ለጉባኤው ደግሞ በበጎ ፈቃድ እንግዳ ያስተናግዳል። ከአየር ማረፊያ ሲያመጣኝ በመስኮት እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መንገዱ፣ ዛፉ፣ ደግሞ ብርዱ፤ ናይሮቢ ትበርዳለች ብሎ ማን አስቦ። ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ድምጿ ደክሟል። ስለ ጉባኤው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «እዚያ ጎደሬ አለ?» አለችኝ፣ ቀቅለን የምንበላውን ሥራ ሥር። ነገ አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት። የመጨረሻው ወሬያችን ይኸው ነው፣ ጎደሬ።

በማግስቱ ተራዬ ደረሰ። ያን ጠዋት የቴፒው ልጅ ዓይኔን አላይ አለኝ። ለእኔ የሰጋ መሰለኝና «አትፍራ፣ አላዋርድህም» አልኩት። መድረክ ላይ ወጥቼ የዕድሩን ገጽ በትልቁ ስክሪን ከፈትኩት፣ እንዳለ፣ በቀጥታ ከሚዛን። የመጨረሻው ማስታወቂያ የቆየ ነበር፤ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ሲያርፉ የተለጠፈ። «ይህ ገጽ ከተሠራ ወዲህ በሰፈራችን ሞቶ እዚህ ላይ ያልወጣ ሰው የለም» አልኩ አፌን ሞልቼ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነው ያልኩት፣ ግን ገባቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። በዚያች ሰዓት ሚዛን ላይ የእናቴ ሳጥን ከቤት እየወጣ ነበር። ከእኔ ጋር አውርታ ነው የተኛችው፣ አልነቃችም።

የቴፒው ልጅ ከፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወንድሜ ማለዳ ደውሎ ነግሮታል፤ እስክትመለስ አደራ፣ ብቻዋን እንዳትተዋት ብሎታል። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሲታወሰኝ ፊቴ ይቃጠላል። ልጁ ከአጠገቤ አልነቀል አለ። ቁርስ ይዞልኝ ይመጣል፣ ምሳ ያበላኛል፣ እራት ካልጋበዝኩሽ ይላል። ውኃ ልግዛ ብዬ ስነሳ ጃኬቱን ያነሳል። «ስልክሽን አምጪ፣ ኢንተርኔቱን ላስተካክልልሽ» ብሎ ወስዶ ግማሽ ቀን ያቆይብኛል። ያየኛል፣ ሳየው ዓይኑን ይሰብራል። እኔ ምን መሰለኝ? ወደደኝ። አንድ ቀን አበሻ የሚበዛበት ኢስሊ የሚባል ሰፈር ወስዶኝ፣ ምግብ ቤት ተቀምጠን ሊያጎርሰኝ ሲል እጁን ገፋሁት።

«ስማ፣ እኔ እጮኛ አለኝ» አልኩት። የለኝም፣ ዋሸሁት።

ፊቱ ደም መሰለ። «እንደሱ አይደለም፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ትሪው አቀረቀረ። እኔ ሳቅኩበት፤ ያዝኩህ በሚል ሳቅ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይላሉ። እኔ መለጎሜን እንኳ አላወቅኩም።

እቤት ስደውል የሚያነሳው ወንድሜ ነው። «እናቴስ?» ስለው «መድኃኒቱ ያስተኛታል፣ ተኝታለች» ይለኛል። በማግስቱም ተኝታለች። እሺ ብሎኛል፤ የሆነ ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር እያልኩ ራሴን አረጋጋሁ። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እህት አለችኝ። እሷም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እናቴን በስልክ አጣኋት፣ ተኝታለች ይሉኛል። አንቺ አግኝተሻታል?» ትላለች በሹክሹክታ፤ ማዳሟ ስልክ ይዛ ካየቻት ትቆጣታለች። «አይዞሽ፣ መድኃኒቱ ነው» አልኳት። «ወንድማችን ቃል ገብቶልኛል፣ አይዋሸኝም።» ሁለት የማናውቅ ሰዎች እርስ በርሳችን ተጽናናን።

ስመለስ ወንድሜ ጅማ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ጉዳይ ነበረኝ አለ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ሐዘንተኛ መሆኑን እንዳላውቅበት ብሎ መሆኑን ማን ነገረኝ። አውቶቡሱ ቦንጋን ሲያልፍ ለእናቴ የገዛሁትን ጫማ አውጥቼ አሳየሁት። ስኳር ላለበት እግር የሚሆን፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ስፌት የሌለው ጫማ ነው። በእጁ ገለባበጠው። «ጥሩ ነው» አለና መለሰልኝ። ከዚያ እስከ ሚዛን ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ፣ እኔም ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት።

ሚዛን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ዛሬ አክስታችን ቤት እንደር» አለኝ። ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደው መንገድ በእኛ አጥር በኩል ነው፤ ይህን ሳያስበው ቀረ። አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበው አየሁ። አረንጓዴው ቁጥር ይታየኛል። የዕድር ወንበር ሰው ካልሞተ ከመጋዘን አይወጣም፤ ደንቡን ገጹ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቆምኩ። እሱም ቆመ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

የጫማውን ከረጢት ከእጄ ሊቀበለኝ ሞከረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም፣ ጎረቤት ነው ከመሬት ያነሳሽ ብለውኛል።

ሲነጋ ሀጂ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺ እንዳታዪው ብዬ ነው ያልለጠፍኩት» አሉኝ። ገጹን ትተው ጡሩምባ ነፊውን ለምነው፣ ጡሩምባውን አስወልውለው ሰፈር ለሰፈር አስነፍተዋል። ሰውየውም ቂም አልያዘብኝም፣ በዝናብ ዞሮ ነፍቷል። ሀጂ ይህን ሲነግሩኝ የሚያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። «ያልሰማ የለም፣ አገር ነው የወጣላት» አሉኝ። ከእኔ በቀር ማለታቸው ነው። እሳቸውን ምን እላቸዋለሁ? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ወንድሜን ግን አልማርኩትም። ለእኔ ለቅሶ እንደገና በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ፊት ያዝኩት።

«እሺ ብለኸኝ ነበር።»

«ብነግርሽ ትደርሺ ነበር?» አለኝ።

«አልደርስም።»

«ታዲያ?»

«ቢያንስ አልስቅም ነበር» አልኩት።

 በእጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። አክስቴ «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው» እያለች ክንዴን ትጎትተኛለች። እኔ ግን ነድጃለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም አልኩ። የተቀመጠው ሁሉ ሰምቷል።

በማግስቱ ቁጭ ብለን ሳለ ስልኬ ጠራ። ቤይሩት ናት። የሚያወራው ሁሉ ዝም አለ። እህቴ እንዳልተነገራት የገባኝ ያኔ ነው። ወንድሜ ተጠግቶኝ ዝግ ባለ ድምፅ «ውሏ ገና ነው፣ ፓስፖርቷም ማዳሟ እጅ ነው፤ ልምጣ ብትል አትችልም» አለኝ። «እኛን ማመን ትታለች። አንቺን ግን ታምናለች። እንደፈለግሽ አድርጊ።»

ስልኩን ይዤ ጓሮ እንሰቱ ሥር ሄድኩ። ልነግራት ነው የወጣሁት። እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«ቤት ገባሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቧንቧ ይፈስሳል፣ አንዲት ሴት በዓረብኛ ትጮኻለች። «አንዴ ቆዪኝ» ብላኝ ለሴትዮዋ በዓረብኛ መለሰችላትና ተመለሰች። «ቶሎ በይ፣ እናቴን ስጪኝ።»

ኩሽና ውስጥ ቆማ ታየችኝ፣ እጇ ሳሙና እንደነካው። ብነግራት እዚያው ወለል ላይ ትወድቃለች። ማን ያነሳታል? ሴትዮዋ ናት? ተነስታስ ሳህኑን ማን ያጥብላት? ጠላሁት፣ ወንድሜን አይደለም፣ ነገሩን እንዳለ ጠላሁት፣ ትክክል መሆኑን ጠላሁት።

«ተኝታለች» አልኳት።

 ቧንቧው ይፈስሳል።

«እነሱ ይደብቁኛል» አለች። «አንቺ አትዋሺኝም። ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ድምጿ ሲቀልል ይሰማኛል። «በይ ሴትዮዋ ሳትመጣብኝ ስለ ናይሮቢ ንገሪኝ።»

ነገርኳት።