ባለ ሦስት እግሩ ዕቃ በጥርባ

ዳንግላ፣ ማለዳ

«አልጭንም አልሁ፤ ይህን ባለ ሦስት እግር ጣሪያ ላይ አልጭንም!» አለ ሹፌሩ ጋሽ ሙሉጌታ። «ያየው ሁሉ መሬት ሊለኩ መጡ ነው የሚለው። ድንጋዩ ሲወረወር ደግሞ መስታወቱ ፊት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።»

ከአዲስ አበባ የመጣው የቴሌቪዥን ሰው፣ አቶ ዳንኤል፣ ዕቃው ካሜራ የሚቆምበት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ደጋግሞ ያስረዳል። ጭጋጉ የባሕር ዛፉን ጫፍ ገና አልለቀቀም። በመጨረሻ ዕቃው በጆንያ ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ገባ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ክፉ ካልሆነ ለምን ይደበቃል?

የተጠራሁት አገውኛ ስለምችል ነው። ቴሌቪዥን የሚባለውን ያየሁት አንዴ አዲስ አበባ ሄጄ በሱቅ መስታወት ውስጥ ነው፤ አንድ ሰውዬ ድምፁ ሳይሰማ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አቶ ዳንኤል እንደሚለው ጣቢያቸው ለትምህርትና ለባህል የቆመ ነው፤ የአገር ልጆች አገራቸውን ይዩበት። አሁን የሚፈልገው የአገው ፈረሰኛ ነው።

ልንነሣ ስንል አንድ ሰው ተጨመረ። ቡናማ ካፖርት ለብሷል፤ ባርኔጣም ደፍቷል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመንገድ መሪነት ተልኬ ነው አለ፤ ስሙን አልነገረንም።

እንጅባራ፣ ረፋድ

ኮረኮንቹ ሆድ ዕቃ ያናውጣል። ግራና ቀኙ ቀይ አፈር፣ የድንች ማሳ፣ ቀርከሃ። ቀርከሃ የተሸከሙ ገበሬዎች ዳር ይዘው ያሳልፉናል፤ እጁን የሚያነሣልን የለም።

እንጅባራ ሻይ በዳቦ ጠጣን። ሻይ የቀዳችልን ሴት ጎንበስ ብላ በአገውኛ ከማን መሬት እንደምንጀምር ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከከተማው ወጥተን መገንጠያው ላይ ስንደርስ ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ባለ ካፖርቱ ዞሮ በየት በኩል እንደሚሄድ ጠየቀው። ሰውየው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። ያመላከትሁት እኔ ነኝ። ራዲያተሩ ላይ ውሃ ልንጨምር ስንወርድ ጋሽ ሙሉጌታ ጆሮዬ ሥር፣ «መንገድ የማያውቅ መንገድ መሪ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አላየሁም።

ጥርባ፣ ከሰዓት በኋላ

አያ ጥሩነህ በፈረሰኛነታቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ጨዋታችን ሁሉ በአገውኛ ነው፤ አማርኛ አይችሉም ተብለናል። ፈረሳቸው የት እንደሚታይ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ሣጥን ውስጥ አልኋቸው።

«ፈረሱን ያየ የቆመበትን መሬት ማየቱ ይቀራል?» አሉኝ።

ቀጥለው ማሳቸውን አሳዩኝ፤ ከጥርባ ሐይቅ አፋፍ እስከ አንዲት ወይራ ድረስ የአባት የአያታቸው ርስት ነው። የተለካ ቀን ግብሩ ይከብዳል፣ የከበደ ቀን ልጆቻቸው መሬቱን ለቀው ይሄዳሉ። እነዚህ ሰዎች መሬት እንደማይለኩ ማልልኝ አሉኝ። በማርያም ማልሁ።

ፈረሱ ተጫነ። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነሐስ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥለት። አያ ጥሩነህ ኮርቻው ላይ ሲወጡ ግማሽ ዕድሜያቸው መሬት ላይ የቀረ መሰለኝ። ከአፋፉ ጋልበው መጥተው ካሜራው ፊት ቀጥ አሉ። ያኔ አቶ ዳንኤል ከኪሱ የሜትር ጥብጣብ አወጣ። አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ አስይዞ ሌላውን ማሳው ላይ እየዘረጋ እስከ ፈረሱ ደረት ሄደ።



ባለ ካፖርቱ ጠጋ ብሎ፣ «እስከ ወይራው ይደርሳል?» ሲል በአማርኛ ጠየቀ። ጎረቤቶች ዱላ ይዘው ከየደጃቸው ወጡ። አቶ ዳንኤል ላብ በላብ ሆኖ፣ ከካሜራው መስታወት እስከ ፈረሱ ያለው ርቀት ካልታወቀ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሥራችን ሁልጊዜም እንዲህ ነው ይላል። ተረጎምሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ውሸት ይመስላል።

አያ ጥሩነህ አልተቆጡም። ሰዎቹን በእጃቸው መለሱና ወደ ቤት አስገቡን። የገብስ ዳቦ፣ ድንች በሚጥሚጣ፣ አረቄ ቀረበ። ከመቁረሳችን በፊት ሁላችንም ዳቦው ላይ እጃችንን አድርገን እንድንምል ጠየቁ።

አቶ ዳንኤል፣ «መሬት ብዬ የለካሁ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ» አለ። ለካሜራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መሐላ አላውቅም፤ ያን ጊዜ አመንሁት።

ጋሽ ሙሉጌታ በመንገድ ላይ ቤንዚን እንጂ ሌላ ለክቶ እንደማያውቅ ማለ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። እኔ ዳግም ማልሁ።

የቀረው ባለ ካፖርቱ ነው። ልተረጉምለት አፌን ስከፍት አያ ጥሩነህ በእጃቸው አስቆሙኝ። ቀና ብለው በጠራ አማርኛ፣ «እርስዎስ፣ ጌታዬ? ስለ ወይራዬ ሲጠይቁ ሰምቼ ነበር» አሉት።

ሰውየው ዳቦውን አየ። እኔን አየኝ። ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሣ።

«እየመሸ ነው፤ መንገዱ ይጨልምብናል» አለ።

ፀሐይዋ ገና መደቡ ላይ ነበረች። ተነሥቶ ወጣ። ማንም ዳቦውን አልነካም። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን።