ጥይት የፈራው ሕምባሻ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አጎቴ ሓጎስ ትኩስ ሕምባሻ ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ሆዱን እያቃጠለው፣ በጓሮ በር ሲሾልክ ያዝኩት።

«ኣኮይ፣ ወዴት ነው?»

«ዝም በይ! ኢላማ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ የሚኖረው ከሓድነት ወጣ ብሎ፣ ከተማው አልቆ ጅቡ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ጅቡ በዚህ ክረምት የሚስቱን የአደይ ለተን በጎች በልቶ በልቶ አንዲት እርጉዝ በግ ብቻ አስቀርቷል። አጎቴ ደግሞ የድሮ ታጋይ፣ የአሁን ሚሊሻ ነው። ጠመንጃ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ወሬም አለው። «ይቺን በግ ጅብ ከነካት እኔ ወንድ አይደለሁም» ብሎ በሠፈሩ ፊት ምሏል።

ውጭ ያለው ልጁ መሐላውን ሰምቶ ነው መሰለኝ መነጽር ላከለት። ጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ በጨለማ የሰውነት ሙቀት የሚያይ ዓይነት። ጅብ በድቅድቅ ጨለማ ቢመጣ እንደ አምፖል ያበራል። ችግሩ ለክላሽ የተሠራ አይደለም። ሓድነት ያለ በያጅ ከተራረፈ የመስኮት ብረት ማሰሪያ ሠራለት። አሁን የቀረው፣ መነጽሩ የሚያሳየው ቦታና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ አንድ እንዲሆኑ ማስተካከል ነው።

ለዚህ ታላቅ ሥራ ሁለት አማካሪዎች ተጠሩ። ኣቦይ ወልዱ የሠፈሩ አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው፤ አጠገባቸው የቆመውን ሰው እንኳ ድምፁን ካልሰሙ አይለዩትም። መምህር ኪዳነ ደግሞ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው።

መጀመሪያ ካርቶን ላይ በከሰል መስቀል ሥለው ከጓሮው ማዶ፣ ገደሉ ጥግ ሰቀሉት። በመነጽሩ ሲያዩ... ግራጫ ብቻ።

«ባትሪው ነው» አሉ ኣቦይ ወልዱ። አጎቴ መነጽሩን በጥፊ መታው። ለውጥ የለም።

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ዕቃ ቀለም አያይም፣ ሙቀት ነው የሚያየው። ካርቶኑም ከሰሉም እኩል በርደዋል። የሞቀ ነገር አምጡ።»

ልክ ናቸው። በዚያ ቀን ልክ የሆኑት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አደይ ለተ ለሚካኤል ማኅበር ሕምባሻ እየጋገረች ነበር። ክብ፣ ትልቅ፣ ላዩ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ የተሣለበት። ኢላማ ሆኖ የተወለደ በሉት። አጎቴ ሰርቆ አመጣው፣ ድንጋይ አስደግፎ አቆመው። በመነጽሩ ሲታይ ነጭ፣ ክብ፣ ቁልጭ ያለ!

«ጨረቃ ናት» አሉ ኣቦይ ወልዱ።

መመሪያውን እኔ አነበብኩላቸው። አንድ ሰው ብቻ ደጋግሞ ይተኩሳል፣ ጥይቶቹ የት እንደተሰበሰቡ ታይቶ ከዚያ በኋላ ነው ማስተካከያው የሚዞረው።

«ጓለይ፣ መመሪያ ተኩሶ ለማያውቅ ሰው ነው» አለ አጎቴ።

ታዲያ ማን ይቅደም?

«ኣቦይ ወልዱ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ቅደም፣ ጠመንጃው ያንተ።»

«ሽበት እያለ? በፍጹም! መምህር፣ በሉ እርስዎ።»

«በሚካኤል! ታላቅ ቆሞ?»

ሦስት ቄስ በአንድ ጠባብ በር ሲገቡ አይታችኋል? እንደዚያ። ሕምባሻው እየበረደ ነው።

በመጨረሻ ኣቦይ ወልዱ ተኮሱ። ከሕምባሻው በስተግራ አፈር ተነሣ። «ወደ ቀኝ!» ብለው አዞሩት። መምህር ተቀበሏቸው፣ ከላይ አፈር ተነሣ፣ አዞሩት። አጎቴ ተኮሰ፣ እሱም አዞረው። ከዚያ እንደገና በዕድሜ ተራ... አንዱ ያቀናውን ሌላው ያጣምመዋል፤ ግን የታላቅ እጅ ማን ደፍሮ ይይዛል? ማስተካከያው እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ ተሽከረከረ። ኋላ ላይማ ጥይቱ የት እንዳረፈም አይታወቅም። አንድ ቁራ ብቻ ተቆጥቶ ሠፈሩን ለቀቀ።

ድንገት ኣቦይ ወልዱ ዐይናቸውን ከመነጽሩ ሳይነቅሉ ጮኹ።

«ተሰወረ!»

«ምኑ?»

«ሕምባሻው!»

አጎቴ አየ... የለም። መምህር አዩ... የለም። እኔ በባዶ ዐይኔ ሳይ ሕምባሻው እዚያው ድንጋዩን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። በርዷል፣ በቃ። ዕቃው የበረደ ነገር እንደማያይ ቅድም ያስተማሩን መምህር ኪዳነ ናቸው። ቀድመው ያማተቡትም እሳቸው ናቸው።

ተያይዘው ሄደው አገላበጡት። ያ ሁሉ ጥይት ተተኩሶ... ጭረት የለበትም!

«የሚካኤል ነዋ» አለ አጎቴ በሹክሹክታ። ፊቱ ወዲያው በራ። ለካ አልሳተም፣ ተከልክሎ ነው!

«ጥይቱ ፈርቶ ነው» አሉ ኣቦይ ወልዱ ሕምባሻውን ስመው።

አደይ ለተ ተኩሱን ሰምታ፣ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ደረሰች።

«ሕምባሻየ! ዋይ ኣነ! እህል ላይ ትተኩሳለህ?»

«ለተ፣ ተረጋጊ፣ ተአምር ሆኗል። ሦስት ሰው ተኩሶ...»

«ሦስት ሰው ተኩሶ የቆመ ዳቦ መሳት ተአምር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ኣቦይ ወልዱን ሳል ያዛቸው። መምህር ሰማዩን ማጥናት ጀመሩ።

«እሺ፣ ዳቦውን ሚካኤል ጠበቀው» አለች። «በጌንስ ማን ሊጠብቃት ነው?»



ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ላይ ታሪኩ ሲወራ፣ ጥይቱ ሕምባሻው ጋ ደርሶ፣ ሰግዶ የሚመለስ ሆኖ ነበር። ለበረከት እየተባለ ፍርፋሪው እንኳ አልተረፈም። መነጽሩን ደግመን እናስተካክል ያለ ሰው ግን አልነበረም። ተአምር የታየበት ዕቃ ይነካካል እንዴ?

አደይ ለተ ተአምር አልጠበቀችም። ሲመሽ በጓን ከበረቱ ፈትታ ቀጥ ብላ አጎቴ መኝታ ቤት አስገባቻት፣ ከአልጋው እግር ጋር አሰረቻት፣ ራሷ ከእኔ ጋር ሳሎን ተኛች።

መነጽሩን ግን እንዳታሙት፣ ይሠራል። አጎቴ መብራት አጥፍቶ ሞክሮታል፤ በጓ ቁልጭ ብላ ትታያለች።