በውሸት ስም የተጸለየልን ሰሞን

ሰመራ ከተከራየሁት ቤት የወሰዱኝ ምሳ ልበላ ስቀመጥ ነው። "ለአንድ ጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ" አሉኝ። ለአንድ ጥያቄ ተብሎ ወጥቶ የቀረ ሰው ስለማውቅ፣ ሽሮዬን ከድኜ ነጠላ ጫማዬን በቆዳ ጫማ ቀየርኩ። ሲመሽ አዋሽ አደረሱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ዱሮ የጥጥ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ቆዳው ይላጣል፤ ስለዚህ አሥራ አንዳችንም መሀል ላይ ተጠጋግተን እንውል ነበር። መርማሪው ስለ እኔ ብዙም አልጠየቀኝም። የሚፈልገው ባለቤቴን ነበር። የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኔ ፈርሜ የታሰርኩበት አቤቱታ ላይ እሷም ፈርማለች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቀደም ብዬ ወደ ዘመዶቿ ሸኝቻታለሁ። "የት ናት?" ይለኛል። "አላውቅም" እለዋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

አንድ አዲስ እስረኛ ያስገቡብን ከዚያ በኋላ ነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ መልካ ወረር ጥጥ ሲያርምና ሲለቅም የኖረ የቀን ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ ዲያቆን ነበርኩ ይላል። ገና በገባበት ቀን ክርስቲያን የሆንነውን በየተራ የክርስትና ስማችንን ጠየቀን።

"በጸሎት እንድንተሳሰብ ነው" አለ። ሁሉም ነገሩት። ወደ እኔ ዞረ።

"ያንተስ ወንድሜ? የባለቤትህስ?"

ባለቤት እንዳለኝ ማን ነገረው? ቀለበት አላደርግም። ሌሎቹንም እንደዚያው እንደጠየቃቸው ያኔ ልብ አላልኩም። እናቴ የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ መተት ይሠሩብሃል ትለኝ ነበር። እኔ የፈራሁት ግን መተት ሳይሆን ሰውየውን መርማሪው ልኮት እንዳይሆን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

"ገብረ ሥላሴ" አልኩት። "የእሷ ወለተ ጊዮርጊስ።" ሁለቱም ውሸት ነው። "መውለጃዋ ደርሷል" የሚለው ብቻ እውነት ነበር፤ እሱም አምልጦኝ ነው።

ጎህ ሲቀድ ያስነሳናል። መጽሐፉን ስለወሰዱበት ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይደግማል፤ እኛ አርባ አንዱን ኪርያላይሶን በጣታችን አንጓ እየቆጠርን እንላለን። ከእሱ በፊት ድምፁን ያሰማ ሰው ይደበደብ ነበር። እሱ ከመጣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማና ዝም ይላል። ይህም አስጠረጠረኝ።

ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይጠራል። ሲመለስ እጁ ነጥቷል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። እኛ ፊታችንን የምናርስበት ጠብታ የለንም። አጠገቤ የሚተኛው፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የገላፊ መንገድ ላይ የተያዘ ሙስሊም የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ለእሱም በዚያው ሰሞን የውዱእ ውሃ በጆግ ይሰጡት ጀምረዋል፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

"ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ጆሮ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "እዚህ ቤት ሰው በነጻ አይታጠብም።"

"እኔም ገና ሲገባ ነው የጠረጠርኩት" አልኩት።

ግን ጠዋት ጠዋት "እመቤቴ፣ ወለተ ጊዮርጊስን በሰላም አዋልጃት" እያለ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ የኪርያላይሶኑ ቆጠራ ይጠፋብኝ ነበር። እዚያ ጸሎት ውስጥ የእኔ ሚስት የለችም። ብቻዬን ልጸልይላት እሞክራለሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ይደርቃል። በዚያ ቤት የሰው አፍ የሚፈታው እሱ ሲጀምር ነው። ሌሊቱን ሲቃዥ ያደረው ይረጋጋል። መርማሪው ፊት የቆምኩበት ጉልበት ከዚያ የመጣ ነው ብል አልዋሸሁም። ሚስቴን ግን በገዛ እጄ ከዚያ ጸሎት አስወጥቻታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ እንድቀዳ እኔን ጠሩኝ። ግቢው ጥግ፣ የጠባቂዎቹ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ሰውየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወለሉን በመጥረጊያ ይፈገፍጋል። ዝንብ ወሮታል። ቀና ብሎ ሲያየኝ አፈረ።

"በየቀኑ የሚጠሩዎት ለዚህ ነው እንዴ?"

"ኃላፊያቸውን ለመንኩት" አለኝ። "ሽንት ቤታችሁን እኔ ላጽዳ፤ እኛ ጠዋት ድምፃችንን አውጥተን እንጸልይ፤ ለሾፌሩም መታጠቢያ ውሃ ስጡት አልኩት። እሺ አለ። እንዳትነግራቸው፤ ይከብዳቸዋል።"

ባልዲዬን መሬት አስቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ስሜን ዋሽቼዎታለሁ" አልኩት። "የባለቤቴንም።"

አልተቆጣም። "ቦታው ያስጠረጥራል" አለና ጆሮውን አቀረበልኝ። እውነተኞቹን ስሞች ነገርኩት። እዚህ ላይ አልጽፋቸውም፤ የእናቴ ምክር አሁንም አለብኝ።

ከዚያ መጥረጊያውን ከእጁ ወሰድኩ።

"አንተን ማን አዘዘህ?" አለ ጠባቂው።

"ማንም" አልኩትና መፈግፈጌን ቀጠልኩ። ከተያዝኩ ወዲህ በገዛ ፈቃዴ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ነበር።

ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ሰውየውን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ስለወሰዱት ዳግም አላገኘሁትም። ጠርጣራነቴ አልለቀቀኝም፤ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ሾፌሩን ሁለት ጊዜ ስለማይ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። የተፈታሁ ዕለት ልጄን ታቅፌ ቀኖቹን አሰላኋቸው። እውነተኛው ስማችን በተጠራበት ማለዳ ተወለደች ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። የተወለደችው ከዚያ አራት ቀን ቀድማ ነው፤ እናቷ ሁለት ቀን አምጣ፣ ከበው የያዟት ሁሉ ተስፋ ቆርጠው ሳለ። ያን ጊዜ እሱ ቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ለምትባል ለሌለች ሴት ይሰግድ ነበር። እኔ ሰውየውን አላመንኩትም። እግዚአብሔር ግን ሰምቶታል።