ኤንቹፌ ፍለጋ በማድሪድ

ከአምቦ የወጣሁበት ምሽት ዝናባማ ነበር። ባለቤቴ በፀጥታ ሰዎች ተወስዶ ከቀረ ወዲህ እኔንም እየጠሩ መጠየቅ ጀምረው ነበርና፣ ልጄን ሌንሴን ለታናሽ እህቴ ለጫልቱ ትቼ፣ የኬሚስትሪ ዲግሪዬን በካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ፣ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፍ መኪና ተሳፈርኩ። ሌንሴ ተኝታ ነበር። ብቀሰቅሳት እንደማልሄድ ስለማውቅ አልቀሰቀስኳትም።

በጅቡቲ በኩል ዞሬ ማድሪድ ስገባ የጠበቀኝ ብርድ ጎጆ ከተማ ሳስተምር የለመድኩት ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ ጎጆ ምድጃ ነበረኝ። ክፍል ያከራየችኝ ዶኛ ፒላር የተባለች ባልቴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በጣቷ እያመለከተች ቃሉን አስተማረችኝ።

«ይህ ኤንቹፌ ነው። ለመብራት ብቻ! ማሞቂያ ከሰካሽበት አንቺም ማሞቂያውም ትወጣላችሁ።»

በዚያው ምሽት ቶርቲያ የሚሉትን፣ ድንች በእንቁላል የተጠበሰ ምግብ ሠርታ «ትበያለሽ?» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ሆኖም ሰው እንዳደገበት ነውና «ጠግቤያለሁ» አልኳት፤ እንድትለምነኝም ጠበቅኩ። ሳህኑን አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ሌንሴን ለማስመጣት ቋሚ ሥራ፣ ለሥራው ደግሞ ዲግሪዬን የሚያጸድቅ ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር። የትምህርት ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቴን ወደ መስኮቱ አንስቶ ተመለከተው።

«ማኅተሙ ክብ ነው።»

«አዎ፣ ክብ ነው።»

«እኛ የምናውቀው ሞላላውን ነው። ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ኬሚስትሪው ያው ነው? ውሃ ኤች ቱ ኦ ነው?»

«በአገሬ ከመሬት የሚፈልቀው ጋዝም አለበት» አልኩት። አልሳቀም። በሚቀጥለው ወር ተመለሺ አለኝ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ።

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ቺሊያዊ ስደተኛ «ሴኞራ፣ አንቺን የጎደለሽ ኤንቹፌ ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ዶኛ ፒላርን ብጠይቃት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም አስረዳችኝ፤ ቢሮ ውስጥ የሚያውቅሽ፣ ጉዳይሽን የሚያንቀሳቅስልሽ ሰው ማለት ነው። እኛ «ዘመድ አለው» የምንለው መሆኑ ገባኝ። ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ያንኑ ነገር በሌላ ስም ማግኘቴ አበሳጨኝ።

«የእህቴ ባል እዚያው ቢሮ ኃላፊ ነው። ላናግርልሽ?» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። ከአፌ የወጣው ግን «የለም ሴኞራ፣ አይቸገሩ» የሚለው ነበር። እኛ ቤት በኦሮምኛ «ሂን ረከቲን» ይባላል፤ አትቸገሪ ማለት ነው። የተባለችው ደግሞ «ምን ችግር አለው?» ብላ ትደግማለች፤ ትሠልሳለች፤ በሦስተኛው ላይ አንገትን ደፍቶ መቀበል ነው። ከቶርቲያው ልማር ሲገባኝ አልተማርኩም።

«እሺ» አለችና ሽንኩርቷን ወደ መጥበሻው ገለበጠች።

ሳትደግመው ወራት አለፉ። በመጨረሻ ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ራሴ ጠየቅኳት።

«ጡረታ ወጣ እኮ! ያን ጊዜ አይሆንም አላልሽኝም?»

«እንዲደግሙልኝ ብዬ ነው እንጂ...»

«ስንት ጊዜ?»

«ቢያንስ ሦስት ጊዜ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንኳ አግቢኝ ያለኝ አንዴ ብቻ ነው!»

ዓመታት አልፈውም ወረቀቴ እስከ ዛሬ ያው መስኮት ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት አምቦ በቀጠሮ ደወልኩ። ጫልቱ ሌንሴን ይዛ ቴሌ መጥታ ነበር።

«እትዬ፣ ከሌንሴ ላገናኝሽ?»

«አገናኚኝ» አልኩ፣ ወዲያውኑ።

የማላውቀው፣ የጠና ድምፅ መጣ። ስለ ትምህርቷ ጠየቅኳት፤ በአጭሩ መለሰችልኝ። ከዚያ ስንት ጊዜ ብቻዬን የተለማመድኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

«ሌንሴ፣ እኔ ጋ መምጣት ትፈልጊያለሽ?»

መስመሩ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ሂን ረከቲን፣ እማዬ። እኔ እዚህ ደህና ነኝ።»

ጫልቱ በሥርዓት አሳድጋታለች። ወይም ልጄ የተናገረችው እውነቷን ነው። «ሌንሴ፣ እንደገና ልጠይቅሽ» ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ። የስልክ ሠራተኛዋ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከወር በኋላ ነው አለችኝ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ይዤ እየጠበቅኩ ነው።