የኮምባይነር ተራ

በአርሲ ደጋ ስንዴ ሲደርስ ከአስተዳዳሪም ከፖሊስም በላይ የሚፈራው የኮምባይነር፣ የማጨጃው ማሽን፣ ተራ የሚመዘግበው ሰው ነው። አንድ መኸር ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ተብዬ ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ተመድቤ፣ አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ደብተር ተሰጥቶኛል። ማሽኑ መቶ ምናምን የፈረስ ጉልበት አለው ይላሉ። ይኑረው! እኔ ስሙን ያልጻፍኩለት ሰው ማሳ ገብቶ አንዲት ዘለላ አያጭድም።

ሰው ሥልጣን ሲባል ወንበር ይመስለዋል፤ ኃይል ሲባል ጠመንጃ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ ደብተሬን ይዤ ሳልፍ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ ትልልቅ ሰዎች እስካይ ድረስ። በመጀመሪያው ሳምንት አፈርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ያላወለቀው ማን እንደሆነ ልብ ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ በፊት ግን ተስቆብኛል። የመጣሁ ሰሞን፣ ክረምት ላይ፣ ገበሬውን ሰብስቤ ስለ ዋግ በሽታ ሳስተምር አጠገባችን ያለውን አረንጓዴ ማሳ በጣቴ አሳየሁና፣ «ይኸው፣ ይህ ስንዴ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል» አልኩ። ሰባን ያለፉ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱ ገብስ ነው» አሉኝ። ምን ልበላችሁ! ሃምሳ ሰው በሳቅ ተንከባለለ። በማግስቱ ስሜ «እሜቴ ገብስ» ሆኖ አደረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተቀለደብኝ፤ ገበያ መውጣት እስኪያስጠላኝ።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ሽማግሌው አልሳቁም። እንዲያውም «ተዉ እንጂ፣ የሰው ልጅ ናት!» ብለው ሰዉን ተቆጡ፤ ስብሰባው ሲያበቃም ቤታቸው ወስደው እርጎ አጠጡኝ። እኔ ግን እርጎውን እየጠጣሁ ቂሜን ያዝኩ። ሃምሳ ሰው መቅጣት አልችልም፤ አንድ ሰው እችላለሁ።

የሽማግሌው ማሳ መሃል ላይ ነው፤ ዙሪያውን የጎረቤት ስንዴ ከቦታል። ኮምባይነር የሰው ሰብል እየረገጠ ስለማይሄድ ወደ መሃል የሚገባው ዳር ዳሩ ከታጨደ በኋላ ነው። ስለዚህ የጎረቤቶቻቸው እንዳለቀ ተራው የእርሳቸው መሆን ነበረበት፤ ስድስተኛ ማለት ነው። እኔ ከሁሉም መጨረሻ ጻፍኳቸው። ልጆቻቸው አግብተው ርቀዋል፤ እርሳቸውና ባለቤታቸው ዓመቱን የሚበሉት ከዚያች ማሳ ብቻ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ያን ቀን ማሽኑ ግራና ቀኙን አጭዶ ጨረሰ። ባልና ሚስቱ ባዶ ጆንያቸውን ደርድረው ቆመዋል። የማሽኑ ኦፕሬተር ከላይ ሆኖ ጮኸብኝ፤ «እዚህ ድረስ ገብቼ ይህችን ትቼ ልውጣ? ግማሽ ሰዓት እኮ አትፈጅብኝም!»

«ተራው አልደረሰም» አልኩት።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እስቲ ሰማዩን እዪው» አሉኝ። በጭላሎ ተራራ በኩል ጠቁሯል።

«ተራዎን ይጠብቁ፣ አባቴ። ሕግ ነው።»

ሕግ! አውጪውም አስፈጻሚውም እኔ። ማሽኑ ወጣ፤ ታጭዶ ባለቀው ተረተር ላይ አንዲት ቢጫ ማሳ ብቻዋን ቆማ ቀረች። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያያታል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር አያት ነበር፣ ደስ እያለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰማዩ ስድስት ቀን ታገሠን። የሌላው ሁሉ አልቆ የእርሳቸው ብቻ ሲቀር ዝናቡ ወረደ፤ ያለ ወቅቱ፣ አራት ቀን ሙሉ። ኮምባይነሩ ጭቃ እንዳይውጠው ወደ ሮቤ ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ።

ፀሐይ ስትወጣ ያላቸው አማራጭ ማጭድ ብቻ ሆነ። የራሰ ስንዴ በጥቂት ቀን ካልታጨደ ዘለላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ሽማግሌው ደቦ ጠሩ፣ ባለቤታቸው ንፍሮ ቀቀሉ፣ ጠላ ተበድረው አቀረቡ። ዝር ያለ ሰው የለም።

እናቴ ትሙት፣ አትሂዱ ያልኩት ሰው የለም! አንዱን ጎረቤታቸውን ጠርቼ፣ «ለምን አትገቡላቸውም?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ኧረ እኛ ነገር ይገባናል! ማዳበሪያው የሚታደለው በማን ደብተር ሆነና? እርስዎን አስቀይመን የት እንገባለን?»

«እኔ እኮ አልተቀየምኩም። ሂዱላቸው።»

«አይ እርስዎ!» ብሎ ጠቀሰኝ። የምፈትነው መሰለው። በማልኩ ቁጥር የባሰ አላመነኝም። ያኔ ፈራሁ፤ የጻፍኩትን መሰረዝ እችላለሁ፣ ሰዉ ውስጥ የገባውን ፍርሃት በምን ልሰርዘው?

ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ማጨድ ጀመሩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ለማለት የባላቸውን እጅ ይይዛሉ። መንገዱ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ማጭድ ይዤ መግባት ነበረብኝ። ሰው ያየኛል ብዬ አልገባሁም።

ማጨድ በጀመሩ በአምስተኛው ቀን ጠዋት የቢሮዬ በር ላይ ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። ሽማግሌው ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል፤ ግራና ቀኛቸው ሁለት አስታራቂዎች አሉ። ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ሰው ነው፤ የተበደለው ይቅር እስኪል ድረስ አያወርድም። መንገዱ ዳር ሕዝቡ ቆሞ ያያል።

«ልጃችን» አሉኝ አንዱ አስታራቂ፣ «ምን እንዳስቀየሙሽ እርሳቸውም አያውቁትም። ብቻ በድለዋል። ይቅር በያቸውና ሰዉ ይግባላቸው፤ ስንዴው መብቀል ጀምሯል።»

«ያውርዱት፣ የበደልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድንጋዩ የሽማግሌውን አንገት ተጭኖ ዓይናቸው መሬት ላይ ተተክሏል። እኔ ግን፣ ይህን ካልኩ ነገ ማን ይፈራኛል እያልኩ ሒሳብ እሠራ ነበር። ቆየሁ። ከሚገባው በላይ ቆየሁ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

አስታራቂዎቹ መረቁኝ፣ ድንጋዩን አወረዱላቸው። ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ማጭዱን ይዞ ገባላቸው፤ ግን አብዛኛው ዘለላ ነጭ ሥር አውጥቶ ስለነበር ለከብት ሆነ። የባሰውን ግን የሠራሁት ጠዋት ነው፣ ድንጋዩ ከወረደ በኋላ። ወደ ቢሮዬ ልገባ ስል ሰዉ እንደሚያየኝ ትዝ አለኝና ዞር ብዬ፣ አያቴን የሚያህሉትን ሰው፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ።